ከአጥሩ ሥር ያለው ቀዳዳ

አይዞሽ የመጣችው በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን በተነሳ አውቶቡስ፣ በእምዬ ዘንቢል ተከትታ ነው። እምዬ የእናቴ እናት ናት። ዘንቢሉን ማድ ቤቱ ደጃፍ አስቀመጠችና ጋቢዋን እንኳ ሳታወልቅ እናቴን «እንኪ» አለቻት። ቅቤ መስሎን ከበብናት። ላዩ ላይ የነበረው ጨርቅ ሲነሳ አንዲት ጥቁር ቡችላ፣ ደረቷ ላይ ብቻ የመዳፍ ስፋት ያለው ነጭ ያረፈባት፣ ከብርሃኑ ዓይኗን እያሸሸች ትንቀጠቀጣለች።

እናቴ ደስ አላላትም። በሰፈራችን ሴት ውሻ የሚፈልግ አልነበረም። ትወልዳለች፣ የሰፈሩን ወንድ ውሻ ሁሉ ደጅ ላይ ትሰበስባለች፣ ቡችሎቿን የሚረከብ አይገኝም ይባላል። «ወንድ ጠፍቶ ነው እማዬ?» አለች። እምዬ ለዚህ መልስ አልሰጠችም። «ስሟ አይዞሽ ነው» አለች፤ በቃ።

በእምዬ አገር ለውሻ የሚወጣ ስም ለውሻው ብቻ አይደለም። ወዳጅ የከዳው፣ ድንበር የተገፋ፣ ፊት ለፊት መናገር ያልፈለገ ሰው የሆዱን በውሻው ስም ያስቀምጠዋል። ማታ ደጅ ወጥቶ ውሻውን ሲጣራ ነገሩ ለሚመለከተው ጆሮ ይደርሳል። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የጓደኞቼ ውሾች ጃክ፣ ቦቢ፣ ነብሮ ይባሉ ስለነበር የእኛዋ ስም ያሳፍረኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከቤት ከሄደ መንፈቅ አልፎት ነበር። መጋቢት 1980 አፋቤት ከወደቀች በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ከሰፈራችን ከተወሰዱት ልጆች አንዱ እርሱ ነው። ከአሥመራ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ዝም አለ። እናቴ ስለ እርሱ አታወራም። የሚያጽናናት ሰው ሲመጣ ብድግ ብላ ቡና ትቆላለች፤ ጭሱ ቤቱን ሲሞላ ወሬው ሌላ ይሆናል። እምዬ ሦስት ቀን ተቀምጣ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን እናቴ በየቀኑ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ማታ አንድ ጊዜ፣ ፍርፋሪውን በተሸነቆረው ድስት ይዛ ማድ ቤቱ በር ላይ ትቆምና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አይዞሽ! አይዞሽ!» ትላለች። ወንድሜ እስኪመለስ ድረስ፣ ሠላሳ ሁለት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳታጓድል ይህን ቃል በገዛ አፏ አለችው።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወደ ላይ፣ ከሸማኔዎቹ ቤት አልፎ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት። ጠዋት የመወርወሪያ ድምፅ፣ ከሰዓት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱ ሴቶች ኮቴ ይሰማል። ማታ ተራራው የጅብ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ሰው ከመንገድ ሲገባ ጅቡ እስከ አስፋልቱ ይወርድ ነበር፤ ተኝተን ሳለ ከአጥሩ ውጪ ሲያልፍ እንሰማዋለን።

አይዞሽ መንፈቅ ሳይሞላት ከላይኛው የቆርቆሮ አጥር ሥር፣ በተራራው በኩል፣ ቀዳዳ ቆፈረች። እናቴ አየችና «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አለች። ይህ በሌላ ሰፈር ተረት ነው። በእኛ ሰፈር ግን የምትለው ነገር ቃል በቃል ሊሆን የሚችል ነበር። አባቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀዳዳውን በድንጋይ ይደፍነዋል፤ እስከ ማክሰኞ ተመልሶ ይከፈታል። በሚቀጥለው እሑድ ይደፍነዋል፤ እንደገና ይከፈታል። አባቴ አናጺ ነበር። አንድ ነገር እንዳይከፈት አድርጎ መዝጋት ያውቅበታል። አሁን ሳስበው፣ የሚያመጣቸው ድንጋዮች ከሳምንት ሳምንት እያነሱ ነበር የሄዱት።

ከጩኸቷ ደጅ ያለውን ለይቶ ማወቅ ተማርን። ለቆሎ ተማሪ የምትጮኸው ሌላ ነው፤ ደበሎ የለበሰ ልጅ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ሲጀምር ከድሮ ቂም ያላት ይመስል ትቆጣ ነበር፤ ውሻና የቆሎ ተማሪ መቼም አይዋደዱም። ለቅጠል ተሸካሚዎቹ ሴቶች አትጮህም፤ ሸክማቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ወጥታ አጠገባቸው ትተኛለች። ለጅብ ስትጮህ ደግሞ ድምፅዋ ወደ ቤቱ እየቀረበ ይመጣል፤ ወደ ኋላ እያፈገፈገች፣ ጀርባዋን ከግድግዳው እስክታጣብቅ ድረስ። ይህን ስንሰማ አባቴ ባትሪውን ይዞ ይወጣል፤ ምንም ሳይናገር በሩ ላይ ይቆምላታል። ከእኛ ጋር በቀን አሥር ቃል የማይለዋወጥ ሰው፣ አንዳንድ ሌሊት ከእርሷ ጋር ቀስ ብሎ ሲያወራ በእንቅልፍ ልቤ እሰማው ነበር።

ቤት ውስጥ ግን አትገባም። ይህ በእናቴ ቤት የታወቀ ሕግ ነው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ ሁሉ ሥዕለ ማርያም ያለበት ክፍል አይገባም። አይዞሽ ይህን ያወቀችው ሳትመታ ነው፤ ደፍ ላይ አፍንጫዋን አስቀምጣ እግሯን ከውጪ ትተዋለች። ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስቱን ቀን እንደኛው በሽሮ ፍትፍት ታሳልፋለች፤ ከሉካንዳ ሳንባ የሚገዛላት ሌላ ጊዜ ነው። የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ፣ ገና እኛ ሳንገድፍ፣ እናቴ ከድስቱ አንድ አጥንት አውጥታ ወደ ደጅ ትወረውርላት ነበር። ለምን አስቀድማ ለእርሷ እንደምትሰጥ ጠይቄያት አላውቅም።

ሕጉ በእነዚያ ዓመታት አንድ ሌሊት ብቻ ተሽሯል። ግንቦት 27 ቀን 1983፣ ገና ሳይነጋ፣ ንፋስ ስልክ ያለው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። እኛ ከከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ሆነን ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ የሰማዩ ደቡብ ቀላ። አዲሱ ሠራዊት ከተማውን ከያዘ ሳምንቱ ነበር፤ ጦርነቱ ተመልሶ የመጣ መሰለን። አይዞሽ በሩን በጥፍሯ ስትቧጥጥ እናቴ ራሷ ከፈተችላት። አልጋው ሥር ገባች። ፍንዳታው በመጣ ቁጥር እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ ታች ሰድዳ «አይዞሽ» ትላለች፤ ከታችኛው ጨለማ ጅራት ወለሉን ሲመታ ይሰማል። እስኪነጋ እንዲህ ሆንን።

ወንድሜ የመጣው ሰኔ ላይ ነው። ያን ሰሞን ከሰሜን የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ይታይ ነበር፤ እግራቸው ያበጠ፣ ልብሳቸው ያለቀ፣ ዳቦ ለመጠየቅ የሚያፍሩ ወጣቶች። እናቴ ለእያንዳንዳቸው እንጀራ ይዛ ትወጣና ፊታቸውን ታያለች። ወንድሜ ግን በእርሷ ዓይን ሥር አላለፈም፤ በማታ፣ ዝናብ እየዘነበ ነው የደረሰው። አይዞሽ ጮኸች። አታውቀውም፤ ከሄደ በኋላ የመጣች ናት። መብራት ጠፍቶ ነበርና እናቴ ፋኖስ ይዛ ወጣችና እንደ ልማዷ «አይዞሽ! ተይ! አይዞሽ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ወንድሜ ነው ያጫወተን፤ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ። ሊያንኳኳ እጁን ባነሳበት ቅጽበት ነው የእናቱን ድምፅ የሰማው። ሰው የምታጽናና መሰለው። ማን ሞቶ ይሆን አለ፤ ልቡ አባባ ነው አለው። በሩን ማንኳኳት አቃተው። አጥሩን ታክኮ ወደ ላይኛው በኩል ሄዶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። አይዞሽ በቀዳዳዋ ወጥታ ፊቱ ቆማ ጮኸችበት፤ አልተነሳም፤ ጮኸች፤ አልተነሳም። የማይሄድና የማይመታት ሰው ሲገጥማት እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ አንድ ሰው እስኪመጣ ቦታዋን አትለቅም። እናቴ ፋኖሷን ይዛ አጥሩን ዞረች። ቤታችን ውስጥ በዚያች ሌሊት የተሰማውን ድምፅ መጻፍ አልችልም።

ሌሎቹን ውሾች ያመጣቸው ቀዳዳው ነው።

መጀመሪያ ሉሉ መጣች። ሉሉ የጃንሆይ ትንሽ ውሻ ስም መሆኑን በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤታችን አሥር አለቃ በክቡር ዘበኛ ያገለገሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ሁሉ ነጯን፣ ፀጉሯ የተንጨባረረውን ውሻቸውን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር፤ የሚሰማ ሰው ካለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሉሉ እግሯ አጭር፣ ምግብ የምትመርጥ፣ ዝናብ የምትጠላ ነበረች። አይዞሽ ለእርሷ ስትል ቀዳዳውን እንደገና ሳታሰፋው አልቀረችም ብዬ አምናለሁ፤ ጭቃ ሆዷን እንዳይነካ። አሥር አለቃው ሲያርፉ ሉሉ ሦስት ቀን ከድንኳኑ ሥር አልወጣችም። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ በቀዳዳው ገባችና አይዞሽ ጎን ተኛች። የእርሳቸው ልጆች ሊወስዷት መጥተው ነበር። አይተዋት ተዉዋት።

ሦስተኛው የማንም አልነበረም። ዳማ፣ ትልቅ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ወንድ ውሻ ነው። በ1986 መስከረም አይዞሽን ፍለጋ ደጃችን ከተሰበሰቡት ወንዶች አንዱ ነበር፤ ሲናከሱ በዱላ ልገላግል ገብቼ ባቴን ያዘኝ። አባቴ በማግስቱ ጠዋት በእግር ወደ ፓስተር ወሰደኝ። የእብድ ውሻ ክትባቱ ያን ጊዜ ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ እንደ አዲሱ ክንድ ላይ አራት አምስት ጊዜ ተወግቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በየቀኑ፣ እስከ አሥራ አራት ቀን፣ እምብርት ዙሪያ። በሰፈራችን ልጆች ዘንድ ከዚህ የከፋ ማስፈራሪያ አልነበረም። ባለሙያው ቁስሌን በሳሙናና በውሃ ለረጅም ጊዜ አጥቦ አባቴን ጠየቀው፤ ውሻው ይታወቃል ወይ? ከታወቀ አሥሩን ቀን አስራችሁ ጠብቁት አለ። በሽታው ወደ ምራቁ የደረሰ ውሻ ከአሥር ቀን በላይ አይሰነብትም፤ በአሥረኛው ቀን በጤና ከቆመ መርፌው ይቀራል።

አባቴ ከሰዓት ሳንባ ገዝቶ ወጣ። ማታ ሲመለስ ዳማው በገመድ አብሮት ነበር። ከጽዱ ሥር አሰረው። የእብድ ውሻ ፍርሃት ያለበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ውሻ ማቆየት ቀላል አልነበረም፤ ጎረቤት በየጊዜው ብቅ እያለ ይጠይቃል። እናቴ «እንግዳ ነው፣ አሥር ቀን ነው» ትላለች። ስሙ በዚያው እንግዳ ሆነ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይዤ ወደ ፓስተር እሄዳለሁ፤ ስመለስ ከሩቅ ቆሜ አየዋለሁ፤ እርሱም ያየኛል። አይዞሽ ከገመዱ ጫፍ ትንሽ አለፍ ብላ ትተኛ ነበር። እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጆሮውን አክኮ አደረ። በአሥራ አንደኛው ቀን መርፌዬ ቆመ፤ አባቴም ገመዱን ፈታለት። እንግዳ ወደ ኋላ እንኳ ሳያይ በትልቁ በር ወጣ። ማታ እናቴ «አይዞሽ!» ስትል በቀዳዳው ተመልሶ ገባ፤ ድስቱ አጠገብ ደረሰና ሳይነካው ቆመ። እናቴ ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ሌላ ዕቃ ይዛ መጣች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነበሩ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ እስከ አስፋልቱ ይሸኙኛል፤ ሉሉ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። እሑድ አባቴን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያደርሱትና ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዋርካው ሥር ይጠብቁታል። ሰው የሞተበት ቤት ይቀመጣሉ፤ ሠርግ ቤት ይቀመጣሉ። አይዞሽ ሁለት ጊዜ ወልዳ ቡችሎቿ፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ፣ ወሳጅ አገኙ። በኋላ ቅጠል ተሸካሚዎቹ ሴቶች ጭምር ከየአገሩ ስለ ልጆቿ ወሬ ያመጡልን ነበር። እኛ ከሰፈሩ ሰው ጋር እንዲህ በቀላሉ የምንገባባ ቤተሰብ አልነበርንም። ስለ ውሻዋ የሚጠይቅ ሰው ግን ቡና ሳይጠጣ አይሄድም።

ጅቡም አንድ ጊዜ በቀዳዳው ሞክሯል። ራሱን አስገብቶ ነበር። ሦስቱ በአንድ ላይ ተነሱበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አይዞሽ ጀርባዋን ከግድግዳው ሳታጣብቅ ለጅብ ስትጮህ ሰማኋት።

ስለ 1988 ጥር መጻፍ እፈራለሁ፤ ግን ይህን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፌ ልክ አይመስለኝም።

አመሻሽ ላይ መኪና በድምፅ ማጉያ እያወጀ በመንደሩ አለፈ፤ ውሻ ያላችሁ እሰሩ። ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ይበተናል። እናቴ «ሦስቱንም እሰር» አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አይዞሽን ማድ ቤቱ ምሰሶ ላይ አሰርኩ፤ ሉሉን ከውስጥ ዘጋሁባት። እንግዳ አልነበረም። እራት ሰዓት ይመጣል አልኩ። አይዞሽ ገመዱን ስትስብ አየሁ፤ ብትበጥሰው በቀዳዳው ትወጣለች ብዬ ሰጋሁ። አባቴ ለሥራ ያስቀመጠው ጥርብ ድንጋይ ነበር፤ ገፍቼ ቀዳዳው ላይ አጋደምኩት። ከዚያ ፈተና ነበረብኝና ወደ መጽሐፌ ገባሁ። እራት ሰዓት እንግዳ አልመጣም። ወጥቼ አንድ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ። ድንጋዩን ረሳሁት።

ሌሊት አይዞሽ አላዘነች። የውሻ ማላዘን ሟርት ነው ይባላልና እናቴ ተነስታ አማተበች። እኔ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ጠዋት አባቴ ነው ያገኘው። ከአጥሩ ውጪ፣ ድንጋዩ ማዶ። ወተት አምጥተን፣ እንቁላል መትተን አፉን ፈልቅቀን አፈሰስንበት፤ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ፤ ግን ቀዝቅዞ ነበር። መሬቱን አየሁ። በድንጋዩ ግራና ቀኝ አፈሩ ተቧጥጧል፤ በግራ በኩል ጥልቅ፣ በቀኝ በኩል ጥልቅ፣ ቆርቆሮው ላይም የጥፍር መስመር አለ። ለመግባት ሞክሮ ነበር። ብዙ ሞክሮ ነበር።

ሥጋውን የበተኑት ሰዎች ክፉ ነበሩ አልልም። የእብድ ውሻ ፍርሃት ምን እንደሆነ የገዛ እምብርቴ ያውቀዋል። ከመቶ ውሻ ሰባው ቢከተብ በሽታው መተላለፉን እንደሚያቆም፣ መርዝ ግን እንደማያቆመው የተረዳሁት በኋላ አንብቤ ነው፤ ያን ማለዳ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለአባቴ ነገርኩት። መልስ አልሰጠኝም። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ብቻውን አነሳው፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው ድንጋይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀዳዳውን መድፈን ቀረ። እናቴም ተረቷን ደግማ አልተረተችም።

አይዞሽ ለብዙ ቀን እራቷን በልታ ከድስቱ ሥር ጥቂት ትተው ነበር። ሉሉ በ1990 በእርጅና ሞተች፤ ፀሐይ ላይ ተኝታ፣ ሳትነሳ። አይዞሽ ብቻዋን ሦስት ዓመት ኖረች። አፍንጫዋ ዙሪያ ሸበተች፤ መስማት ተሳናት፤ እናቴ ድምፅዋን ይበልጥ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነባት። በመጨረሻው ክረምት ቤት መግባት ተፈቀደላት። ማንም በቃል አልፈቀደላትም፤ አንድ ማታ ደፉን አለፈች፤ ማንም «ውጪ» አላለም። ወንድሜ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

በ1993 ሐምሌ ሞተች። በሰፈራችን የሞተ ውሻ ወደ ወንዙ ይጣላል እንጂ አይቀበርም። አባቴ አካፋውን ይዞ እንግዳ ታስሮበት ከነበረው ጽድ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ፤ እንግዳንም ያን ማለዳ እዚያው ነው የቀበረው። ወንድሜ በአሮጌ የወታደር ካፖርቱ ጠቅልሎ አወረዳት። እናቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ማታ እንደ ልማዷ ድስቱን ይዛ ወጣች፤ ቆማ ቆማ ተመለሰች። ከዚያን ቀን በኋላ ያ ቃል ከቤታችን ቀረ። ጸጥታው ለእናቴ እንዴት እንደነበር አላውቅም፤ ለእኔ ግን ግቢው ሰፋብኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርቆሮው ዝጎ አለቀና ወንድሜ በብሎኬት ሊያሳጥረው ግንበኛ አመጣ። አባቴ በዚያ ጊዜ ሥራ ትቷል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያያል። ግንበኛው የላይኛውን አጥር የመጀመሪያ ረድፍ ሲደረድር አባቴ ተነስቶ ሄደና በከዘራው አንድ ቦታ አመለከተው።

«እዚህ ጋ ክፍት ተወው» አለው።

«ለውሃ መውረጃ ነው አባባ?»

«አዎ» አለ አባቴ።

ግቢያችን ከተራራው ወደ ከተማው ያዘነበለ ነው። ውሃ በዚያ በኩል ወጥቶ አያውቅም።